አጥንት ሲሰበር ጣቶቹን ይመልከቱ

ሰኞ በደሴ ትልቁ የገበያ ቀን ነው። ወደ ሰኞ ገበያ የሚጎርፈው ሕዝብ፣ እህል የተጫነው አህያ፣ ዕቃ የሚያራግፈው የጭነት መኪናና በመካከል እየተሽሎከለከ የሚያልፈው ባጃጅ መንገዱን ያጣብቡታል። እናት በርበሬ ስታስመዝን በጆንያ ክምር ላይ የሚንጠላጠለው ልጅ ያዳልጠውና ይወድቃል፤ ሸክም የበዛበት አህያ ይራገጣል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ በጦሳ ተራራ ግርጌ ያለው ዳገትና ቁልቁለት ጭቃ ሆኖ አዛውንቶችን ይጥላል። ሐረጎን ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ብንደርስም አደጋው መልኩን ይለውጥ እንደሆነ እንጂ አይቀርም፤ በየፋብሪካው የሚሠሩ እኅቶቻችን ጣታቸው በመሣሪያ ሊያዝ፣ ከመሰላል ሊወድቁ ይችላሉ።

እንግዲህ ስብራት በማንኛውም ቤተሰብ ላይ ሊደርስ የሚችል አደጋ ነው። ይሁን እንጂ አደጋው በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚደረገው ወይም ሳይደረግ የሚቀረው ነገር የአንድን ልጅ እጅ ሊያድን ወይም ሊያሳጣ እንደሚችል ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። በደንብ የተያዘ ስብራት አብዛኛውን ጊዜ ይጠግናል። ከልክ በላይ ጠብቆ የታሰረ እጅ ግን በውስጡ ደም መዘዋወሩን ሲያቆም ሥጋው ይሞታል፤ የሞተ ሥጋም ተመልሶ ሕይወት አይዘራም። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ስብራትን እንዴት እንደምናውቅ፣ ሐኪም ዘንድ እስክንደርስ ምን ማድረግ እንደሚገባን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተሰበረውን ካሰርን በኋላ ምን ምን መመልከት እንዳለብን የሚያስረዳ ይሆናል።

ስብራትን በምን እናውቃለን?

አንድ ሰው ሲወድቅ በዙሪያው የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዙውን ጊዜ «ጣቱን ካንቀሳቀሰ አልተሰበረም» ይላል። ይህ አባባል ስሕተት ነው። ጣቶችን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎችና ጅማቶች ስለሆኑ የክንድ አጥንት ተሰብሮም ጣቶች ሊታዘዙ ይችላሉ። በአንጻሩም አጥንቱ ደህና ሆኖ ሳለ ከባድ ወለምታ የደረሰበት ሰው እግሩን መርገጥ ሊያቅተው ይችላል። በመሆኑም በአንድ ምልክት ብቻ ከመፍረድ ይልቅ ምልክቶቹን አንድ ላይ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

ምልክቶቹም የሚከተሉት ናቸው። አንደኛ፣ አንድ ቦታ ላይ የጸና ሕመም ይኖራል፤ ያንኑ ቦታ በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ሲነኩት ሕመምተኛው ይጮኻል። ሁለተኛ፣ ቦታው ያብጣል፣ ቆይቶም ይበልዛል። ሦስተኛ፣ የእጁ ወይም የእግሩ ቅርጽ ይለወጣል፤ ይጎብጣል፣ ያጥራል ወይም ወደ ጎን ይዞራል። ይህንን ለማወቅ የሚረዳው ዘዴ የተጎዳውን ከደህናው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማስተያየት ነው። አራተኛ፣ ሕመምተኛው በተጎዳው እጁ ዕቃ ማንሳት ወይም በእግሩ መቆም አይችልም። አምስተኛ፣ ሲወድቅ የመሰበር ድምፅ ሰምቶ ወይም አጥንቱ ሲፋተግ ተሰምቶት እንደሆነ ይናገራል። ይህንን የመፋተግ ድምፅ ለመስማት ብሎ እጁን ማነቃነቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የተሰበረው የአጥንት ጫፍ በአጠገቡ ያለውን የደም ሥርና ነርቭ ሊቆርጥ ይችላልና። ስድስተኛ፣ ቆዳው ተቀዶ ቁስል ከታየ፣ ይልቁንም አጥንት ብቅ ካለ፣ ይህ ክፍት ስብራት ስለሚባል ጊዜ አይሰጥም።

ወለምታና ውልቃትም እነዚህን ምልክቶች ይጋራሉ። ወለምታ በመገጣጠሚያ ላይ ያለ ጅማት ሲሳሳብ ወይም ሲበጠስ የሚመጣ ነው። ውልቃት ደግሞ አጥንቱ ከመገጣጠሚያው ሲወጣ ነው። ሦስቱን በትክክል የሚለየው ራጅ ነው። ስለሆነም እርግጠኛ ካልሆኑ ጉዳቱን እንደ ስብራት ቆጥረው ይያዙት፤ ወለምታን እንደ ስብራት በመያዝ የሚመጣ ጉዳት የለም፤ ስብራትን እንደ ወለምታ ማሸት ግን ብዙ ጣጣ ያመጣል።

የልጆች ስብራት ይሸሸጋል

የልጅ አጥንት እንደ እርጥብ እንጨት ነው። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ከሁለት እንደሚከፈለው ሳይሆን ይጎብጥና በአንድ ወገኑ ብቻ ይሰነጠቃል። በዚህ ምክንያት እብጠቱ ትንሽ፣ ቅርጹም ያልተለወጠ ሊሆን ይችላል። እናት ማስተዋል የሚገባት የልጁን አኳኋን ነው። አንዱን እጁን ደረቱ ላይ አስጠግቶ በሌላው ደግፎ የሚይዝ ከሆነ፣ በቀኙ ይቆርስ የነበረውን እንጀራ በግራው መቁረስ ከጀመረ፣ ልብስ ሲያወልቁለት ከጮኸ፣ መራመድ የጀመረው ሕፃን ደግሞ እንደገና መዳህ ከመረጠ፣ ይህ ሁሉ ለሐኪም ማሳየትን የሚጠይቅ ነው።

በልጆች ላይ እጅግ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከክርን ከፍ ብሎ የሚደርሰው ስብራት ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ልጁ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሲመታ ይደርሳል። ለክንድና ለጣቶች ደም የሚያደርሰው ትልቁ የደም ሥር የሚያልፈው በክርኑ ፊት ለፊት ስለሆነ የተሰበረው አጥንት ሊጫነው ይችላል። በዚህ ላይ ክርኑን በግድ ማጠፍ ወይም ማሰር ሲጨመርበት የደሙ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ የልጁን ክርን እንዳገኙት አድርገው፣ ሳያጥፉና ሳይዘረጉ፣ ደግፈው ይውሰዱት።

ሐኪም ዘንድ እስክንደርስ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ሕመምተኛው ያለበት ቦታ መኪናና ከብት የማይረግጠው መሆኑን ያረጋግጡ። ቀጥሎም መተንፈሱንና ብዙ ደም አለመፍሰሱን ይመልከቱ። ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብሎ መያዝ ያስፈልጋል። አጥንት ብቅ ያለ እንደሆነ ግን አጥንቱን ሳይጫኑ በዙሪያው ይጫኑ፤ ወደ ውስጥ ለመመለስም አይሞክሩ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ይውሰዱት። ቡና፣ ቅቤ፣ አመድ ወይም አፈር ቁስሉ ላይ ማድረግ ተሐዋስያንን ወደ አጥንቱ ማስገባት ነው። ክፍት ስብራት ያለበት ሰው መድኃኒትና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በቶሎ ማግኘት ስላለበት ለነገ አይባልም።

ከዚህ በኋላ ቀለበት፣ አምባር፣ አልቦና ሰዓት ካለ ወዲያውኑ ያውልቁ። እብጠቱ ከጀመረ በኋላ ቀለበት አይወጣም፤ እርሱ ራሱ ጣቱን እንደ ገመድ ያንቃል። በፋብሪካ ሥራ ላይ የሚገኙ አንባቢዎቻችን ይህንን በተለይ እንዲያስታውሱት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የተሰበረውን እንዳይነቃነቅ ማድረግ ነው። ለዚህም ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ካርቶን፣ ቀጭን ጣውላ፣ የተጠቀለለ መጽሔት ይበቃል፤ አንብበው የጨረሱትን ይህን ጋዜጣ እንኳ ደጋግመው ቢያጥፉት ለአንድ ልጅ ክንድ የሚሆን መደገፊያ ይወጣዋል። መደገፊያው ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን ሁለቱንም መገጣጠሚያዎች አልፎ መድረስ አለበት። ለምሳሌ ያህል ክንዱ መካከል ላይ ከተሰበረ ከክርኑ እስከ መዳፉ መያዝ ያስፈልጋል። በመደገፊያውና በቆዳው መካከል ጥጥ ወይም ለስላሳ ጨርቅ ይደረጋል። ማሰሪያው ሰፋ ያለ የነጠላ ወይም የሻሽ ቁራጭ ይሁን፤ ቀጭን ገመድ ቆዳ ይቆርጣል። ማሰሪያው ከስብራቱ በላይና በታች እንጂ በስብራቱ ላይ አይታሰርም፤ ቋጠሮውም ከውጭ በኩል በመደገፊያው ላይ ይሁን። የጎበጠውን ለማቃናት አይሳቡ፤ እንደጎበጠ ይደገፍ።

የተሰበረው ክንድ ሆኖ ክርኑ ያለ ሕመም የሚታጠፍ ከሆነ ነጠላውን በሦስት ማዕዘን አጥፈው ከአንገቱ ላይ ማንጠልጠያ ይሥሩለት። መዳፉ ከክርኑ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ቅልጥም ከሆነ ከሁለቱ እግሮች መካከል የታጠፈ ጋቢ ወይም ፎጣ ያስገቡና የተጎዳውን እግር ከደህናው ጋር አንድ ላይ በማሰር መደገፍ ይቻላል። እብጠቱን ለመቀነስ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ደቂቃ ማድረግ ይጠቅማል፤ በረዶ ከተገኘም በጨርቅ ተጠቅልሎ እንጂ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም።

ሕመምተኛውን ለማበርታት ተብሎ ቡና፣ አረቄ ወይም ምግብ መስጠት በአገራችን የተለመደ ነው። ይሁንና ሐኪሙ አደንዝዞ ማስተካከል ወይም ቀዶ ሕክምና ማድረግ ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ ሆዱ ባዶ ያልሆነ ሰው ደግሞ በማደንዘዣ ላይ ሳለ አስመልሶ ሊታነቅ ስለሚችል፣ እስኪመረመር ድረስ ምንም አይቅመስ።

እስሩ ሲጠብቅ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። በስብራት ላይ ግን ጉዳት የሚመጣው በችኮላ የታሰረው ሳይፈታ ሲቀር ነው። የተሰበረ እጅ በመጀመሪያው ቀን አብጦ አያበቃም፤ ሁለትና ሦስት ቀን እያበጠ ይሄዳል። ጠዋት ልክ የነበረው እስር ማታ ጠባብ ይሆናል። ቀርከሃና ሸምበቆ ደግሞ አይለጠጡም፤ እብጠቱ ወደ ውጭ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል። መጀመሪያ ጡንቻና ነርቭ ይጎዳሉ፤ ደም ሳያገኝ ስድስት ሰዓት ያህል የቆየ ጡንቻም ወደማይመለስበት ደረጃ ይደርሳል።

ከዚህ ጉዳት የተረፈ ልጅ እንኳ ጣቶቹ እንደ ወፍ ጥፍር ተኮራምተው ሊቀሩ ይችላሉ። ይህንን ጉዳት ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 ከገለጸው ወዲህ በስሙ ይጠራል። ጉዳቱ የጠናበት ደግሞ እጁ ጠቁሮ ሲበሰብስ ሕይወቱን ለማትረፍ ይቆረጣል።

ስለሆነም ካሰሩ በኋላ ጣቶቹን ይመልከቱ። ማንኛውም እስር የጣቶቹን ጫፎች ሳይሸፍን መተው አለበት። የጥፍሩን ጫፍ ለጥቂት ጊዜ ጫን ብለው ይልቀቁት፤ ይነጣና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀይ መልኩ መመለስ ይገባዋል። የደሴ ብርድ ጣትን ስለሚያቀዘቅዝ ከደህናው እጅ ጋር ያስተያዩት። በመንገድ ላይ ሳሉ በየአሥራ አምስት ደቂቃው ይህንኑ ይድገሙ። ጣቶቹ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ልጁ «ይወረኛል» ካለ፣ ጣቶቹን ቀስ አድርገው ሲዘረጉለት በጣም ከጮኸ፣ ሕመሙም ከመቀነስ ይልቅ እየባሰ ከሄደ፣ ማሰሪያውን በዚያው ቅጽበት ያላሉት። ሌሊት ቢሆንም ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን ልንናገር እንወዳለን። እጁ የታሰረ ልጅ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ ጠዋት ጸጥ ሲል እናት «ተሻለው» ብላ ልትደሰት ትችላለች። ጣቶቹ ቀዝቅዘውና ደንዝዘው ከሆነ ግን ዝምታው የመዳን አይደለም፤ ሕመሙን የሚያስተላልፈው ነርቭ መሞት መጀመሩን የሚያመለክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጁ ስላላለቀሰ ብቻ ሳይመለከቱ አይቅሩ።

ወጌሻና ሐኪም ቤት

በከተማችንም ሆነ በገጠሩ ወጌሻ የተከበረ ሰው ነው። ጎረቤት ነው፤ በማንኛውም ሰዓት ይገኛል፤ ክፍያውም ቀላል ነው። ብዙ ወላጆች ወደ እርሱ የሚሮጡበት ሌላም ምክንያት አለ። «ሐኪም ቤት ከሄደ ይቆርጡታል» የሚለው ወሬ ነው። ወሬው ከየት እንደመጣ መመርመር ይገባል። በአገራችን ሆስፒታሎች እጃቸው ወይም እግራቸው ከሚቆረጥ ልጆች መካከል ብዙዎቹ ጠብቆ የታሰረ እጅ ይዘው ከቀናት በኋላ፣ ሥጋው ከሞተ ወዲያ የደረሱ ናቸው። ሐኪሙ የቆረጠው አስቀድሞ የሞተውን ነው። ጎረቤት የሚያየው ግን ልጁ እጅ ይዞ ወደ ሐኪም ቤት መግባቱንና ያለ እጅ መውጣቱን ነው። በዚህም ምክንያት ሌላው ወላጅ ይፈራል፣ ይዘገያል፤ መዘግየቱም ሌላ እጅ ያስቆርጣል።

ይህንን ስንል ወጌሾችን ለመንቀፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ፣ በኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው፣ ለወጌሾች አጭር ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በጠባብ እስር ምክንያት የሚቆረጡ እጆችና እግሮች ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። በእንግሊዝ አገርም የዘመናዊ አጥንት ሕክምና መሥራቾች ከሚባሉት አንዱ ሂዩ ኦወን ቶማስ ከወጌሾች ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነበር፤ አባቱ ወጌሻ ሲሆን እርሱ ሕክምና ተምሮ የአባቶቹን ልምድ ከሳይንስ ጋር አዋሐደው። የፈለሰፈው የእግር መደገፊያ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የጭን አጥንታቸው ለተሰበረ ብዙ ወታደሮች ሕይወት መትረፍ ምክንያት ሆኗል።

ስለሆነም በሰፈርዎ ወጌሻ ካሉ ይህንን ጽሑፍ ያንብቡላቸው። ለወለምታም ቢሆን መጀመሪያ ራጅ ይነሣ። የተሰበረን፣ ይልቁንም ክርንን፣ በቅቤ ማሸት አይገባም፤ የታሸ ክርን በጡንቻው ውስጥ አጥንት አብቅሎ ደርቆ ሊቀር ይችላል። ወጌሻ ያሰረው ልጅ ቤት ካለም አሁኑኑ ጣቶቹን ይመልከቱ።

ሳይነቀሳቀሱ እርዳታ የሚጠበቅባቸው

ከፍ ካለ ቦታ የወደቀ ወይም በመኪና የተገጨ ሰው አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው፣ እግሩ ከደነዘዘ ወይም ራሱን ከሳተ፣ አንሥቶ ባጃጅ ላይ ማስቀመጥ ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ጭንቅላቱን በሁለት እጅ አጽንተው ይዘው አምቡላንስ ይጥሩ። መነሣቱ ግዴታ ከሆነ ጭንቅላት፣ ትከሻና ዳሌ በአንድነት እንዲዞሩ አድርገው ብዙ ሰዎች በኅብረት በጣውላ ወይም በቃሬዛ ላይ ያንሡት።

የጭን አጥንት የተሰበረም እንዲሁ በጥንቃቄ ይያዝ። ከውጭ ጠብታ ሳይታይ በውስጥ አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ሊፈስ ይችላል። ሕመምተኛው ከገረጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበውና ትንፋሹ ከፈጠነ በጀርባው አጋድመው ጋቢ ያልብሱት። በዕድሜ የገፉ እናቶቻችን በቤት ውስጥ እንኳ አዳልጧቸው ወድቀው እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ የዳሌ ስብራት ይጠረጠራል። «ይረፉ፣ ይሻላቸዋል» ብሎ አልጋ ላይ መተው ለሳንባ በሽታና ለመኝታ ቁስል ያጋልጣቸዋልና ሆስፒታል ይድረሱ።

ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ መጥሪያ ቁጥር 907 ነው። ቁጥሩን ልጆችም እንዲያውቁት ያድርጉ። በጤና ጣቢያ ራጅ ላይኖር ስለሚችል ሕመምተኛው ወደ ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ራጅ ወዳለበት ሌላ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያዎን ይያዙ።

ከጀሶ በኋላ

ጀሶ ተደርጎ ወደ ቤት መመለስ የጥንቃቄው መጨረሻ አይደለም። ጀሶም በሐኪም ቢደረግ እንኳ እብጠት ሲጨምር ሊጠብ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት እጁን ወይም እግሩን በትራስ ከፍ አድርገው ያስተኙ፤ ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ ያበረታቱት፤ ከላይ የዘረዘርናቸውን ምልክቶች ካዩም ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ። ጀሶው ውኃ አይንካው፤ ሲያሳክከውም እንጨት ወይም ሽቦ አያስገባበት፤ ቆዳውን አቁስሎ መግል ይይዛል።

የትንሽ ልጅ ክንድ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሊጠግን ሲችል፣ የአዋቂ ቅልጥም ግን ሦስትና አራት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮና ምስር፣ አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ይመገብ፤ ጠዋት ፀሐይ ይሙቅ። ጊዜው ሳይደርስ ጀሶውን በቤት መቅደድ ስብራቱን እንደገና ያናጋዋል።

በመጨረሻም ዛሬውኑ በቤትዎ አንድ ካርቶን ውስጥ ሁለት ንጹሕ የነጠላ ቁራጮች፣ ጥጥ፣ መቀስና ሁለት ቀጫጭን ጣውላዎች አስቀምጠው፣ ክዳኑ ላይ 907 ብለው ይጻፉበት። ለቤት ሠራተኛዎና ለታላላቅ ልጆችዎም ቦታውን ያሳዩአቸው፤ ጥፍር ተጭኖ የደሙን መመለስ ማየትንም በራሳቸው ጣት ያለማምዷቸው። እናት ገበያ ወይም ፋብሪካ በምትውልበት ሰዓት ልጅ ቢወድቅ አስቀድሞ የሚደርሱለት እነርሱ ናቸውና።